11 ዓመት የሞላው የመጠለያ ውሻ፦ ልውሰደው ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ መጠለያ ውስጥ አንድ ወንድ ውሻ አይቼ ልቤ እዚያው ቀርቷል። ዕድሜው 11 ገደማ ነው ብለውኛል፤ ቁመቱ መካከለኛ ነው፤ እዚያ የገባው ባለቤቱ ስላረፉ ነው። ከመኝታው ሲነሳ ይከብደዋል፣ አንድ ዓይኑ ደመና የለበሰ ይመስላል፣ ሰው ሲጠጋው ግን ጭራውን ይቆላል። የምኖረው ከእናቴና ከ9 ዓመት ሴት ልጄ ጋር ነው። እናቴ «ዛሬ ነገ የሚሞት ውሻ አምጥተሽ ልጅቷን ልታስለቅሻት ነው» ትለኛለች። እውነት ተሳስቻለሁ? በዚህ ዕድሜው ይለምደናል? ምን ዓይነት እንክብካቤ ይፈልጋል? መጨረሻው ሲደርስስ በምን አውቃለሁ?

ምላሽ፦

ይውሰዱት። አልተሳሳቱም። ግን የሚገቡበትን ሥራ ከወዲሁ ይወቁት፤ ሽማግሌ ውሻን ማኖር ከምንም በላይ ሕመሙን ፈልጎ ማግኘትና ማስታገስ ነው። በዕድሜ የገፉ ውሾችን ለረጅም ጊዜ ሳክም የቆየሁ ሐኪም ነኝ። ከሞታቸው ይልቅ የሚያስቆጨኝ «አርጅቷል፣ ምን ይደረግ» እየተባለ ለወራት ሳይነካ የቆየው ሕመማቸው ነው። እርስዎም «ከመኝታው ሲነሳ ይከብደዋል» ብለው ጽፈዋል። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እዚያ ላይ ነው።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት ስለ ዕድሜው ትንሽ ልበል። መጠለያዎች የሚናገሩት ዕድሜ ብዙ ጊዜ ግምት ነው። የውሻ ዕድሜ በጥርሱ በአስተማማኝ ሁኔታ የሚታወቀው የወተት ጥርሶቹ ወድቀው ቋሚዎቹ እስኪተኩ፣ ማለትም እስከ 7 ወር ገደማ ነው። ከዚያ ወዲያ የጥርስ መበላትና መቆሸሽ እንደየአኗኗሩ ስለሚለያይ፣ በሽማግሌ ውሻ ላይ ሁለት ሦስት ዓመት መሳት የተለመደ ነው። የእርስዎ ውሻ ባለቤት ስለነበረው የክትባት ደብተር ወይም የክሊኒክ ፋይል ይኖረው ይሆናል፤ ይጠይቁ። ዕድሜውን በ7 አባዝቶ ወደ ሰው ዕድሜ መለወጥም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ2020 «ሴል ሲስተምስ» በተባለ የምርምር መጽሔት የወጣ የላብራዶር ውሾች ጥናት፣ ውሻ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እጅግ ፈጥኖ እንደሚያረጅ፣ በኋላ ግን ፍጥነቱ እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። የሰውነት መጠንም ይወስናል፤ በጣም ግዙፍ የሆኑት ዝርያዎች በአብዛኛው ከ7 እስከ 10 ዓመት ሲኖሩ ከትናንሾቹ 15 ዓመት የሚያልፉ አሉ። መካከለኛ ቁመት ያለው የ11 ዓመት ውሻ ጥቂት ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ሦስት ዓመትም ሊቆይ ይችላል። ቀኑን ቆርጦ የሚነግርዎ ሰው ካጋጠመዎት አይመኑት።

አሁን ወደ ሕመሙ። ውሻ መገጣጠሚያው ሲያመው አይጮህም። ሕመሙ ቀስ እያለ የመጣ ስለሆነ ኑሮውን ከሕመሙ ጋር ያስማማል። ደረጃ ሲያይ ቆም ይላል፣ ሲቀመጥ አንድ እግሩን ወደ ጎን ይጥላል፣ ሌሊት ሳይሞቀው ያለከልካል፣ አንዱን መገጣጠሚያ ደጋግሞ ይልሳል፣ ከእንቅልፉ ሲነሳ ሰውነቱን ማራገፍ ይተዋል። የኋላ ጭኑ ሥጋ እየሟሸሸ ይሄዳል። ወገቡን ሲነኩት ካጉረመረመ «ጠባዩ ተበላሸ» ይባላል፤ በር ሲከፈት ተነስቶ መቀበሉን ከተወ «ደከመ» ይባላል። ይህ ሁሉ የመገጣጠሚያ ብግነት ወይም የጀርባ አጥንት ሕመም ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በሽማግሌ ውሾች ላይ በብዛት የሚታዩ ናቸው፤ ለሁለቱም ሊደረግ የሚችል ብዙ ነገር አለ።

እኔ በብዛት የማደርገው እንዲህ ነው። የደም ምርመራው ኩላሊቱና ጉበቱ መድኃኒቱን እንደሚችሉ ካሳየ፣ ለውሻ የተዘጋጀ ብግነት ቀናሽ ማስታገሻ፣ ለምሳሌ ካርፕሮፌን ወይም ሜሎክሲካም፣ ለሁለት ሳምንት ያህል አዝዤ ቤተሰቡ በየቀኑ የሚያየውን እንዲጽፍ አደርጋለሁ። እንዴት ተነሳ? ሌሊቱን ተኛ? ወደ ሰው መጣ? ብዙ ቤተሰብ ተመልሶ ሲመጣ የሚለኝ ተመሳሳይ ነው፦ «ይህን ያህል ያመው እንደነበር አላወቅንም።» መድኃኒቱ ለውጥ ካመጣ ያዳከመው ዕድሜው ብቻ እንዳልነበረ እዚያው ላይ ታወቀ።

በየወሩ የሚሰጥ መርፌም አለ፤ መድኃኒቱ ቤዲንቬትማብ፣ የንግድ ስሙ ሊብሬላ ይባላል። የሕመም ስሜትን የሚያባብስ አንድ የነርቭ ፕሮቲን ሥራውን እንዳይሠራ ይዞ ያስቀረዋል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020፣ በአሜሪካ በ2023 ተፈቅዷል። ብዙ ውሾችን ሲረዳ አይቻለሁ። ሆኖም የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2024 መጨረሻ ላይ ሚዛን መሳትንና መንዘፍዘፍን የመሳሰሉ የጎንዮሽ ጉዳቶች ሪፖርት እንደደረሱት ለሐኪሞች በደብዳቤ አሳውቋል፤ ስለዚህ የነርቭ ችግር ያለበት በሚመስል ውሻ ላይ ቸኩዬ አልጀምረውም።

የሰው ማስታገሻ ግን ፈጽሞ በራስዎ አይስጡት። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱንም ሊያበላሹ ይችላሉ፤ ፓራሲታሞል ደግሞ መጠኑ ሲያልፍ ጉበቱን ይጎዳል። «ትንሽ ብቻ ሰጠነው» ተብሎ የሚመጣ ውሻ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም የሰጠው ሰው ያደረገው ከርኅራኄ ነው።

ከመድኃኒት ውጪ ትልቁ መድኃኒት ክብደቱን መቆጣጠር ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ የረጅም ጊዜ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትሏል፤ ከጥንድ አጋራቸው 25 በመቶ ያነሰ ምግብ የተሰጣቸው በአማካይ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ዕድሜ ጨምረዋል፣ የመገጣጠሚያ ብግነትም ዘግይቶ ነው የያዛቸው። የእርስዎ ውሻ ወፍራም ከሆነ ቀስ ብሎ መቀነስ ራሱ ማስታገሻ ነው። ከስቶ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደከሳ ሳይታወቅ ምግብ መጨመር ብቻ አይበቃም። «ላረጀ ውሻ ፕሮቲን ይቀነስ» የሚለውን ምክር ይተዉት፤ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሽማግሌ ውሻ ጡንቻው እንዳይሟሽሽ ጥሩ ፕሮቲን ያስፈልገዋል።

ቤት ውስጥ የሚያንሸራትት ወለል ካለ ከመኝታው እስከ ውኃውና እስከ በሩ ድረስ የማያንሸራትት ምንጣፍ ይዘርጉለት። ጥፍሩን ያሳጥሩለት፤ የረዘመ ጥፍር እግሩ ወለሉን በደንብ እንዳይረግጥ ያደርገዋል። በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ ከማስኬድ በየቀኑ ሁለት ሦስት ጊዜ አጭር መንገድ ይሻለዋል።

ወደ ዓይኑ ልምጣ። ሽማግሌ ውሾች ዓይናቸው ሰማያዊ ግራጫ ጭጋግ የለበሰ የሚመስለው ብዙውን ጊዜ የዓይን ሌንሳቸው ከዕድሜ ጋር ስለሚጠጥር ነው፤ ይህ ማየታቸውን ብዙም አይነካም፤ የሚታየውም በሁለቱም ዓይን ነው። እርስዎ ግን አንድ ዓይን ነው ያሉት። ሞራ ሊሆን ይችላል፣ የቆየ ቁስል ሊሆን ይችላል፣ የዓይን ውስጥ ግፊትም ሊሆን ይችላል። ቀይ ከሆነ፣ ካጨነቆረ ወይም ካበጠ ቀን ሳያሳድሩ ያሳዩት፤ የዓይን ግፊት በጣም የሚያም ነገር ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ላይ የደም፣ የሽንትና የደም ግፊት ምርመራ ይጠይቁ። ሽንቱን አይተዉት፤ ክሬአቲኒን የሚባለው የደም መለኪያ ከፍ ብሎ የሚታየው ከኩላሊት ሥራ ወደ ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ከጠፋ በኋላ ስለሆነ፣ የሽንቱ መቅጠን ቀድሞ ሊያሳብቅ ይችላል። አፉም ይታይ። የተበላሸ ጥርስ ያለበት ሽማግሌ ውሻ በጸጥታ የሚሠቃይ ውሻ ነው። ብዙ ሰው «በዚህ ዕድሜው ማደንዘዣ አይችልም» ብሎ ይተወዋል። ዕድሜ ብቻውን ማደንዘዣን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ያልታወቀ የልብ ወይም የኩላሊት ችግር ነው፤ ምርመራውም ለዚያ ነው። ጥርሱ በሙሉ የተነቀለለት ውሻ ከቀድሞው በተሻለ ሲበላ ማየት የተለመደ ነው። ካልተኮላሸ ፕሮስቴቱንም፣ ማለትም ከሽንት ፊኛው ሥር ያለውን የወንድ ዕጢ፣ ሐኪሙ ይዳስስለት።

ልቡ ሲደመጥ ትርፍ ድምፅ ከተሰማ አይደንግጡ፤ በተለይ በትናንሽና በመካከለኛ ውሾች ዘንድ የልብ ቫልቭ በዕድሜ መላላት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ «ኤፒክ» የተባለ ጥናት፣ ልባቸው በዚህ ምክንያት ለሰፋ ውሾች ምልክት ሳይታይባቸው ፒሞቤንዳን የተባለውን መድኃኒት መስጠት የልብ ድካምን በአማካይ 15 ወር ገደማ እንደሚያዘገይ አሳይቷል። ለአንድ ሽማግሌ ውሻ 15 ወር ብዙ ዕድሜ ነው። ልጅዎም የምታግዘው ሥራ እዚህ ላይ አለ፦ ውሻው በደንብ ሲተኛ፣ ሳትነካው፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ደረቱ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ትቁጠር። በእንቅልፍ ላይ ከ30 በታች መሆን አለበት። ደጋግሞ ከዚያ ካለፈ ለሐኪም ይደወላል። የ9 ዓመት ልጅ ይህን በትክክል ትሠራዋለች፤ በደብተሯም ትመዘግበዋለች።

«ይለምደናል?» ላሉት፦ አዎ። ግን የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ጠባዩ አይቁጠሩበት። ይህ ውሻ ሰውየውንም ቤቱንም በአንድ ጊዜ ነው ያጣው። አንዳንዱ አይበላም፤ አንዳንዱ ጥግ ይዞ ይተኛል፤ አንዳንዱ ደግሞ እርስዎ ወደ መታጠቢያ ቤት ሲገቡ እንኳ በር ላይ ያላዝናል። በመጠለያ ሠራተኞች ዘንድ ሦስት ቀን ለመረጋጋት፣ ሦስት ሳምንት የቤቱን ሥርዓት ለመልመድ፣ ሦስት ወር ቤቴ ነው ለማለት ይፈጃል የሚል ልምድ አለ፤ እንደ ሕግ ሳይሆን እንደ ግምት ይያዙት። ስሙን አይቀይሩበት። የሚበላውን ምግብ በመጀመሪያው ሳምንት አይለውጡበት። መጠለያው የተኛበትን ጨርቅ ከሰጠዎት ሳያጥቡ ያንጥፉለት። ምግቡ፣ መውጫው፣ መኝታው በየቀኑ በአንድ ሰዓት ይሁን፤ ጆሮውና ዓይኑ ለደከመ ውሻ ሊገመት የሚችል ቀን ትልቅ ዕረፍት ነው። ይህን ስል ከሕመሙ አልወጣሁም። ብዙ ጊዜ ውሻው የተዘጋ የሚመስለው ስለሚያመው ነው፤ ሕመሙ ሲቀል እሱ ራሱ ተነስቶ ወደ ሰው ይመጣል፣ ጭንቅላቱን ጉልበት ላይ ይጥላል። የሰው ፍቅር መቀበል የማይችል ዕድሜ በውሻ ላይ አላየሁም።

ልጅዎ አንድ ደንብ ይኑራት፦ የተኛ ውሻ አይነካም፣ አይታቀፍም። መስማት የቀነሰ ውሻ በድንገት ሲነኩት ሳያውቅ ሊናከስ ይችላል፤ የሚያመው ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ከፊቱ መጥታ እንዲያያት፣ ወይም መኝታውን ቀስ ብላ ነካ አድርጋ እንዲነቃ ታድርግ።

ቤት ውስጥ ከሸና አይቆጡት፤ ውኃም አይከልክሉት። የሽንት መሥመር ኢንፌክሽን፣ የስኳር በሽታ፣ የኩላሊት መድከም፣ ወይም ከሕመሙ የተነሳ በጊዜ መነሳት አለመቻሉ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ያለ ምክንያት የሚዞር፣ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ የሚቆም፣ በበሩ ማጠፊያ በኩል ለመውጣት የሚሞክር ከሆነ የመርሳት በሽታ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በታተመ ጥናት ከ11 እስከ 12 ዓመት ከሆናቸው ውሾች 28 በመቶው፣ ከ15 እስከ 16 ዓመት ከሆናቸው ደግሞ 68 በመቶው ቢያንስ አንድ የአእምሮ መድከም ምልክት አሳይተዋል። አያድንም እንጂ ሕክምና አለው፤ ሴሌጂሊን የተባለው መድኃኒት በአሜሪካ ለዚህ ከተፈቀደ ከ1998 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ሌሊት የሚበራ ትንሽ መብራት ብዙ ይረዳል። ግን ይህን ስያሜ ከመስጠት በፊት ሕመም፣ የደም ግፊትና የሽንት ችግር መጣራት አለባቸው። ሌሊት የሚዞር ውሻ ሁሉ የረሳ አይደለም፤ ወገቡ ስላመመው መተኛት ያቃተውም አለ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፣ ምክንያቱም ሳያውቁት ከመጣ በጣም ያስደነግጣል። ምናልባት አንድ ቀን ውሻዎ በድንገት ጭንቅላቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ዓይኑ ከጎን ወደ ጎን ይርገበገባል፣ ሲነሳ ይወድቃል፣ ያስመልሰዋል። ሁሉም ሰው «ስትሮክ ነው፣ አበቃለት» ይላል። በሽማግሌ ውሾች ላይ ይህ አብዛኛውን ጊዜ የውስጠኛው ጆሮ ሚዛን ሥርዓት መታወክ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ መሻሻል ይጀምራል፣ በሁለት ሦስት ሳምንት ብዙው ይስተካከላል፣ ጭንቅላቱ ትንሽ እንዳዘነበለ ሊቀር ይችላል። የጆሮ ኢንፌክሽንና የአንጎል ችግር አለመሆኑ እንዲጣራ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ግን በመጀመሪያው ሰዓት ድንጋጤ ውስጥ ሆነው እንዲያርፍ፣ ማለትም በመርፌ ሕይወቱ እንዲያልፍ፣ አይወስኑበት። እንደዚህ መጥተው ከሳምንታት በኋላ ገመዳቸውን እየጎተቱ የሄዱ ውሾች አሉ።

ስለ መጨረሻው በግልጽ ልናገር። አሜሪካዊቷ የእንስሳት ካንሰር ሐኪም አሊስ ቪላሎቦስ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጡት ሰባት ነጥብ ያለው መመዘኛ አለ፦ ሕመም፣ መብላት፣ የሰውነት ውኃ፣ ንጽሕና፣ ደስታ፣ መንቀሳቀስ፣ ከመጥፎ ቀን ጥሩው መብለጡ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 10 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ35 በላይ ሲሆን ሕይወቱ የሚቻል ነው ይባላል። በየሳምንቱ በአንድ ቀን፣ ቤተሰቡ በየግሉ ሞልቶ ያስተያየው። ነጥቡን የምወደው በየቀኑ አብሮት የሚኖር ሰው ቀስ በቀስ የሚመጣን መውረድ ስለማያይ ነው። መተንፈስ ሲቸገር ግን ነጥብ አይቆጠርም፤ ያ በዚያው ሰዓት ሕክምና ይፈልጋል፤ ካልተቻለ ዕረፍት።

ማሳረፍ ሲወሰን የሚሆነውን አስቀድሞ ማወቅ ያረጋጋል። መጀመሪያ ማስተኛ መርፌ ይወጋና በእርስዎ አጠገብ ያንቀላፋል። ከዚያ በደም ሥር የሚሰጠው ከፍተኛ መጠን ያለው ማደንዘዣ አንጎሉንና ልቡን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያቆማል። ዓይኑ ተከፍቶ ሊቀር ይችላል፤ ልቡ ከቆመ በኋላ አንድ ሁለት ጊዜ የሚተነፍስ ሊመስል ወይም ጡንቻው ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ያኔ እሱ ምንም አይሰማውም። ብዙዎች ቀኑን አዘገየሁ ብለው እንጂ ቀደምኩ ብለው ሲጸጸቱ አልሰማም፤ ለዚህ ነው ምን ሲሆን እንደሚወስኑ ውሻው ደህና በሆነበት ቀን ከሐኪምዎ ጋር እንዲነጋገሩ የምመክርዎ።

ለእናትዎ አክብሮቴን ያድርሱልኝ። ልጅቷ ማልቀሷ አይቀርም፤ ያሉት እውነት ነው። ልጅ የምትጎዳው ግን ሳታውቅ ስትቀር ወይም ሲዋሿት ነው። ውሻው ሽማግሌ እንደሆነና ከእናንተ ጋር ለአጭር ጊዜ እንደሚኖር ከመጀመሪያው ቀን ይንገሯት። ሲሞትም «ሞተ» ይበሏት፤ «ተኛ» ከተባለች የራሷ እንቅልፍ ሊያስፈራት ይችላል። ትንፋሹን ስትቆጥርለት፣ ውኃውን ስትሞላለት የቆየች ልጅ ሐዘኗ የምትሠራው ሥራ የነበረበት ሐዘን ነው።

«ተዪው» የምልባቸው ሁኔታዎችም አሉ። ቀኑን ሙሉ ቤት ሰው ከሌለ፣ ደረጃ ብቻ ባለው ቤት ውስጥ ተሸክሞ የሚያወጣው ከሌለ፣ ወይም ወርኃዊ መድኃኒት ከቤተሰቡ አቅም በላይ ከሆነ ፍቅር ብቻውን አይበቃም። አንዳንድ ድርጅቶች ግን ሽማግሌውን ውሻ እስከ ሕይወቱ ፍጻሜ በአደራ ሰጥተው የሕክምናውን ወጪ ራሳቸው ይሸፍናሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተውና 7 ዓመት የሞላቸውንና ከዚያ በላይ የሆኑ ውሾችን የሚያነሳው የአሜሪካው መትቪል እንዲህ ያለ አሠራር አለው። ወጪው ካሳሰበዎት መጠለያውን ይህ ዓይነት ስምምነት ይኖር እንደሆን ይጠይቁት።

ሲሄዱ የቀድሞ ሐኪሙ ማን እንደነበር፣ ምን መድኃኒት ይወስድ እንደነበር፣ ውኃ ምን ያህል እንደሚጠጣ፣ ከሌሎች ውሾችና ከልጆች ጋር እንዴት እንደሆነ ይጠይቁ። ከዚያ ከመኝታው ሲነሳና ሲራመድ በስልክዎ አጭር ቪዲዮ ይቅረጹት። ክሊኒክ ውስጥ በፍርሃትና በጉጉት ብዛት ሕመሙን ረስቶ ቀጥ ብሎ ሊራመድ ይችላል፤ ቪዲዮውን ሲያሳዩት ግን ሐኪሙ የትኛውን እግር መዳሰስ እንዳለበት ወዲያው ያውቃል።